እጆቹ የት ሄዱ?

ዛሬ ኮምቦልቻ ወርጄ መጣሁ። ክላሰሩ አልጋዬ ላይ እንደተዘረጋ ነው። እናቴ "እንዴት ሆነልሽ?" ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ። "ደህና" አልኳት። ጠዋት ስወጣ "አብሽሪ፣ ይወዱልሻል" ብላ ስለሸኘችኝ ከዚያ ሌላ ምን እላታለሁ?

ከአዲስ አበባ የመጡ ሦስት የሙያው ሰዎች የኢሉስትሬሽን (የመጽሐፍና የመሳሰለው ሥዕል) ተማሪዎችን ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራ ስብስብ፣ አይተው አስተያየት ይሰጣሉ ተብሎ ነው የሄድኩት። አንዷ የልጆች መጽሐፍ የሥዕል አርታኢ ናት። አንዱ ማስታወቂያ ይሠራል፣ ሌላው አኒሜሽን። ለአንድ ተማሪ 15 ደቂቃ ነው የተሰጠው። እኔ ደግሞ 34 ሥራ ተሸክሜ ሄድኩ። የትኛውን ላስቀር? ሁሉም አሳዘኑኝ።

ከደሴ ስነሳ ጭጋጉ የጦሳን ተራራ ውጦት ነበር። ጃኬት ላይ ጃኬት ደርቤ፣ ክላሰሬን ጭኔ ላይ አድርጌ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወረድኩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ወርደህ ሌላ ወቅት ውስጥ ትገባለህ። አዳራሹ ስደርስ ላቤ በጀርባዬ ይንቆረቆራል። የሙቀቱ ነው እንበል።

የማስታወቂያው ሰውዬ በሁለት ደቂቃ ሸኘኝ። "12 ሥራ፣ ቢበዛ 15 ይበቃሽ ነበር። ሰው የሚያስታውስብሽ ደካማዋን ነው" አለኝ፣ ስልኩን እያየ። ተናደድኩ። ልክ መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። የአኒሜሽኑ ልጅ ሁሉንም "አሪፍ ነው" አለ። ደስ ይላል፣ ግን ምንም ይዤ አልተነሳሁም።

አርታኢዋ ግን መነጽሯን አወረደችና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ጭጋግ ጦሳ ላይ ፍየሏን የሰወረባት ልጅ ታሪክ ነው፣ ሁለት ወር የለፋሁበት። ድርብ ገጹን እንደ መጽሐፍ አጠፈችው። የልጅቷ ፊት መሃል ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ግማሹ ጠፋ። ምንም አላለችም፣ ብቻ አሳየችኝ። ቀጥላ ሰማዩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ፣ "ሐምራዊ እንዲሆን ፈልገሽ ነው?" አለች። አልፈለግኩም። ታብሌቴ ላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፣ ማተሚያ ግን በአራት ቀለም ነው። ያ ደማቅ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲወርድ ወደ ሐምራዊ ይሸሻል። እኔ ደግሞ ያተመልኝን ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ስወቅሰው ከርሜ ነበር።

ከዚያ ገጾቹን ወደ ኋላ መለሰቻቸው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እጆቹ የት ሄዱ?"

አልገባኝም። በጣቷ አንድ በአንድ አሳየችኝ። ሽማግሌው ጋቢ ለብሰዋል። ልጅቷ በሻርፕ ተጠቅልላለች። እረኛው እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቷል። ቡና የምታፈላዋ ሴትዮ እንኳን ነጠላዋን ተከናንባ እጇ አይታይም።

"ደሴ ብርድ ነው እኮ" አልኳት።

"ከሰሉ ዳርም ይበርዳታል?"

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ። አንደኛ ዓመት እያለሁ አንድ አስተማሪ ክፍል ውስጥ ሥዕሌን አንስቶ ጣቶቹን ጮክ ብሎ ቆጠረ። ስድስት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ሰው ጋቢ አለበስኩ። ደሴ ውስጥ ጋቢ የለበሰን ሰው ማን ይጠረጥራል? ሦስት ዓመት ማንም አልነቃብኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ረስቼው ነበር።

የመጨረሻውን ገጽ አወጣች። ልጅቷ ፍየሏን አግኝታ አጠገቧ ቆማለች።

"ስንት ገጽ ሙሉ ስትፈልጋት ኖራ አገኘቻት። ታዲያ አትይዛትም?"

መልስ አልነበረኝም። 15 ደቂቃው አለቀ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ረዳቱ ብሮቹን በቁመት አጥፎ በጣቶቹ መሃል ሰክቷቸዋል፤ አንዱ መሃል አሥር አሥሩ፣ ሌላው መሃል ሃምሳዎቹ። በዚያው እጁ የበሩን ጠርዝ ይዟል። በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ አንዲት ብር አልወደቀችበትም። ሐምራዊውን ሰማይ አወጣሁና ጀርባው ላይ መሳል ጀመርኩ። አንደኛው ካሮት ሆነ። ሁለተኛው ላይ መኪናው ታጠፈና መስመሬ ገደል ገባ። ሦስተኛው ላይ አውራ ጣቱ ከመዳፉ ጋር ተገጣጠመ። ቆጠርኩ። አምስት።

ረዳቱ አንገቱን አስግጎ አየኝ።

"እህት፣ ምንድን ነው እሱ?"

"እጅህ ነው።"

ወረቀቱን ተቀብሎኝ አየው፣ እጁን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን አየ።

"ፊቴስ?" አለኝ።