ጥቅል ጎመንና ዲዮቅልጥያኖስ

ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ጓሮ ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ ጥቅል ጎመን ተክያለሁ። አሥራ አራት ነበሩ። ሁለቱን ትል በላብኝ፣ አንዱን የጎረቤት ዶሮ ጫረው። የቀሩት ደህና ናቸው። ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ እወጣና ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ የውጪውን ቅጠል እየገለጥኩ አያለሁ። ቀንድ አውጣ እዚያ ሥር ነው የሚያድረው።

ባለፈው እሑድ ልጄ መጥቶ በዚህ ሁኔታ አገኘኝና ሳቀ። "አባዬ፣ ዳዮክሊሽን ሆንክ እኮ!" አለኝ። ማን ነው ስለው፣ የሮም ንጉሠ ነገሥት እንደነበር፣ ዙፋኑን በፈቃዱ ትቶ አገሩ ገብቶ ጎመን እንደተከለ ነገረኝ። ሰውዬው ደስ አለኝ። እኔ እንኳን ዙፋን ስቶሩንም በፈቃዴ አልለቀቅኩም፤ ስድሳ ሞልቶኝ ነው።

ማታ ለባለቤቴ ሳወራላት ጭልፋዋን እንደያዘች ቆመች። "ቆይ፣ ዲዮቅልጥያኖስን ነው የምትለው? ያ የስንክሳሩ? ሰማዕታቱን የፈጀው?"

ለካ እሱው ነው። ልጄ በፈረንጅ አፍ ሲጠራው አላወቅኩትም እንጂ ስሙንስ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስሰማው ነው ያደግኩት። "አንተ ሰውዬ፣ የሱን ስም ቤቴ ውስጥ አታንሳብኝ" አለችና ወጧን ማማሰል ቀጠለች። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስለሱ ሳነብ ከረምኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ከአድሪያቲክ ባሕር ዳር፣ ዛሬ ክሮኤሽያ በምንለው አገር ነው። ከተራ ቤተሰብ። የመጀመሪያ ስሙ ዲዮቅልስ ነበር። በወታደርነት አድጎ የንጉሡ ዘበኞች አዛዥ ሆነ። በ284 ወጣቱ ንጉሥ ኑሜሪያን በተሸከሙት ቃሬዛ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሠራዊቱ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው ኒቆምድያ ላይ ዲዮቅልስን አነገሠው። እሱም እዚያው ሰው ሁሉ እያየ ሰይፉን መዘዘና ገዳዩ ይህ ነው ብሎ አፔር የሚባለውን ሹም ገደለው። ምርመራ የለ፣ ምስክር የለ። ከሱ በፊት በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሃያ የሚያህሉ ነገሥታት ተፈራርቀዋል፤ አብዛኞቹም የሞቱት በሰው እጅ ነው። እሱ ሃያ ዓመት ቆየ። አገሩ ለአንድ ሰው አይመችም ብሎ ሥልጣኑን ለአራት ከፈለው፤ ሁለት ታላላቅ፣ ሁለት ታናናሽ ነገሥታት። ሁለቱ ሲወርዱ ሁለቱ ይተካሉ።

እኔን የያዘኝ ግን የ301ዱ የዋጋ አዋጅ ነው። ዕድሜዬን የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኝ፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ስፈርም የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ዝርዝር ሳይ ነፍሴ ትወዳለች። ከሺህ በላይ ዕቃና አገልግሎት ተዘርዝሮ ለእያንዳንዱ ጣሪያ ተቆርጦለታል። ፀጉር አስተካካይ በሰው ሁለት ዲናር። የቀን ሠራተኛ ከነምግቡ ሃያ አምስት። ፊደል አስተማሪ ለአንድ ልጅ በወር ሃምሳ፣ ጠበቃ ለአንድ ሙግት አንድ ሺህ (ይህ አልተለወጠም!)። አንበሳ ሳይቀር ዋጋ አለው፤ አንደኛ ደረጃው ወንድ አንበሳ 150 ሺህ ዲናር። ጎመንም አለበት። ከተመኑ በላይ የሸጠም የገዛም በሞት ይቀጣል። ምን ሆነ? ዕቃው ከገበያ ጠፋ። በደርግ ጊዜ ለስኳር የቀበሌ ሱቅ በር ላይ የተሰለፈ ሰው ይህን ለመረዳት ታሪክ ማንበብ አያሻውም።

ባለቤቴ የምታውቀው ዲዮቅልጥያኖስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የካቲት ወር 303፣ ኒቆምድያ ላይ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ይታይ የነበረውን ቤተ ክርስቲያን አስፈረሰ። በማግስቱ አዋጅ ወጣ፤ አብያተ ክርስቲያናት ይፍረሱ፣ መጻሕፍት ይቃጠሉ። ላክታንትዮስ የሚባለው የዘመኑ ጸሐፊ እንደሚለው፣ ለጣዖት እንዲሠዉ መጀመሪያ የተገደዱት የገዛ ልጁ ቫለሪያና ሚስቱ ፕሪስካ ናቸው። ግብፅ ላይ የሆነውን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ በዓይኔ አየሁት ብሎ ጽፏል። ከብዛቱ የተነሳ መጥረቢያው ይዶለዱም ነበር፤ ገዳዮቹ እየደከማቸው ይቀያየሩ ነበር። እሱ ከወረደም በኋላ ተተኪዎቹ ለዓመታት ቀጠሉበት። ርክክቡ ውስጥ ይህም ነበረበት ማለት ነው።

የግብፅ ክርስቲያኖች ይህን አልረሱም። ዓመት የሚቆጥሩት እሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምረው ነው፤ ስሙን ግን ዓመተ ሰማዕታት አሉት። የኛም የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ያውቁታል። ከኛ ዓመተ ምሕረት 276 ስትቀንስ ታገኘዋለህ።

ስለ ርክክቡ ልንገርህ። ግንቦት 1 ቀን 305፣ ከኒቆምድያ ወጣ ያለ ኮረብታ ላይ ሠራዊቱን ሰበሰበ። ደክሞኛል፣ ዕረፍት እፈልጋለሁ ብሎ እያለቀሰ ተናገረ። ሐምራዊ ካባውን አውልቆ ለአዲሱ ታናሽ ንጉሥ፣ ለዳያ፣ አለበሰው። ከዚያ በኋላ፣ ይላል ላክታንትዮስ፣ እንደገና ዲዮቅልስ ሆነ። በሠረገላ ከተማውን አቋርጦ ወጣና ወደ አገሩ ሄደ። ያቺን ሠረገላ ሳስባት ዋልኩ። የኔ ርክክብ ሦስት ቀን ፈጅቷል። ዕቃው ተቆጠረ፣ ፈረምኩ፣ ፈረሙ፣ ቁልፉን ሰጠሁ። ኬክ ተቆረሰ። ከበሩ ስወጣ የማላውቀው አዲስ ጥበቃ ቦርሳዬን ፈተሸኝ።

የሱ ቤት ግን የኔን ጓሮ አይመስልም። ስፕሊት ከተማ ያሠራው ግንብ እስከ ዛሬ ሰው ይኖርበታል፤ ልብስ ተሰጥቶበታል፣ ካፌ ተከፍቶበታል። ከወረደ በኋላ ያዋቀረው ሁሉ ተናደ። ነገሥታቱ እርስ በርስ ተባሉ። መጥተው ተመለስ ብለው ለመኑት። በገዛ እጄ የተከልኩትን ጎመን ብታዩ ኖሮ ይህን ባልጠየቃችሁኝ አላቸው። ልጄ የሚወደው ቦታ ይህ ነው። ታሪኩን እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው።

ግን አላለቀም። ልጁ ቫለሪያ ባሏ ሞቶባት በዳያ እጅ ወደቀች። ያ ካባውን ያለበሰው ዳያ! ላግባሽ አላት፣ እምቢ አለች፤ ንብረቷን ወርሶ አሰደዳት። አባትየው ልጄን ስደዱልኝ እያለ ደጋግሞ መልእክት ላከ። የሰማው የለም። ሃያ ዓመት ቃሉ ሕግ የነበረ ሰው። እኔ ለጡረታ ፋይሌ አንዲት ደብዳቤ ፈልጌ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ብሄድ ነገ ተመለስ ተባልኩ፤ ሦስት ጊዜ። ምን ሊሰማው እንደሚችል ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ገመትኩ። እሱ ከሞተ በኋላ እናትና ልጅ ልብስ ቀይረው አሥራ አምስት ወር ተንከራተቱ። ተሰሎንቄ ላይ ታወቁ። አንገታቸው ተቆርጦ ሬሳቸው ባሕር ተጣለ።

መቃብሩም ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ነው። የተሰየመው በሱ ዘመን በተገደለ ጳጳስ ነው፣ በዶምኒዮስ።

ትናንት ማታ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኳት። መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ሆነ ስላት "ተመስገን" አለች። ስለ ልጅቷ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ ቆይታ "እሷ ምን አደረገች?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

"ነገ ረቡዕ ነው" አለች። "ካደገልህ አንዱን ቁረጥልኝ፣ በድንችና በካሮት እሠራዋለሁ።"

ዛሬ ጠዋት ትልቁን ቆረጥኩት። ሦስት ቅጠል ያህል ገባ ብሎ ቀንድ አውጣ ተኝቷል።