«ደብሮኛል» ስል ዶክተሩ የሰማው

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ የማታ ፈረቃ። አምና እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ራሴን ያቃጥለኛል፣ እህል አልወርድ አለኝ፣ ስልክ ሲጮህ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። የዘመድ ምክር ያው «ጠበል ግባ» ነው። ገባሁ። አልክድም፣ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ አልቆየም እንጂ።

ሐኪም ጋ የ12 ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ መኪና ለማስቆም እንጂ የሆዴን ለመናገር አይበቃም። «ደብሮኛል በይው» አልኳት። «ሰልችቶታል» ብላ ተረጎመችለት። እዚህ ላደገ ልጅ «ደበረኝ» ጨዋታ ሲጠፋ የሚባል ነገር ነው፤ ምን ታድርግ? ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ስፖርት እንድሠራ መከረኝ።

ነርሷ ግን ወረቀት ሰጠችኝ። ፒኤችኪው-9 ይሉታል፤ ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ። ልጄ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ ቀነሰ። ብሞት ይሻላል ብለህ አስበሃል ወይ ነው የሚለው። «አባዬ፣ ይሄን ዜሮ ልበለው?» አለችኝ። «በይው» አልኳት። ልጄ ፊት ሌላ ምን እላለሁ?

ለካ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚመጣ ነው፤ የ2010ሩ የጤና ሕግም አጥብቆታል። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ልጅን ማስተርጎም እንዲያውም አይፈቀድም። በሚቀጥለው ቀጠሮ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብቻ አልኩ። በስልክ አገናኙኝ። ሴትየዋ «ድባቴ ማለትዎ ነው?» አለችኝ። ቃሉን ያኔ ገና መስማቴ ነው፤ ለካ ፈረንጆቹ ዲፕሬሽን የሚሉት ሕመም ነው። ዘጠነኛውንም እውነቱን መለስኩ። ድምሩ ከ27 ውስጥ 17 መጣ፤ ነጥቡ ሲበዛ ሕመሙ ጠንቷል ማለት ነው። ሌሊት ክፉ ሐሳብ ከመጣብኝ 988 እንድደውል ነገሩኝ፤ እዚያም አስተርጓሚ አለ።

ቀጥሎ ኢንሹራንሱ። ካርዱ አለ፣ ሐኪም የለም። ኢንሹራንሱ ዝርዝር ላይ ያሉ 14 ቴራፒስቶች ጋ፣ በንግግር የሚያክሙት ማለቴ ነው፣ ደወልኩ። ግማሹ አዲስ ሰው አይቀበልም፣ አንዱ ቁጥር ጥርስ ሐኪም ቤት ሆኖ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች ድባቴ ሲይዛቸው ከነጮች ያነሰ ሕክምና እንደሚያገኙ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ኢንሹራንስ ያላቸውም ጭምር። እኔ ካርድ ስለሌላቸው ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ወር በስልክ ስጨቃጨቅ ከረምኩ። ሞኝነት ነበር፤ በስልክ የተባለ ነገር ነፋስ ይወስደዋል። በመጨረሻ ደብዳቤ ጻፍኩ፦ አማርኛ የሚችል ሰው ኔትወርካችሁ ውስጥ፣ ማለትም ከእናንተ ጋር ውል ካላቸው፣ አግኙልኝ፣ ካልሆነ ከኔትወርኩ ውጭ ላገኘኋት ቴራፒስት በኔትወርክ ዋጋ ክፈሉ። አይሆንም አሉ። ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አለ። የደወልኩበትን ቀን፣ ያነጋገርኩትን ሰው ስምና መልሱን የጻፍኩበትን ደብተር ኮፒ አድርጌ አያያዝኩት። እሺ አሉ።

ቴራፒስቷ የሜሪላንድ ፈቃድ ያላት ሐበሻ ናት፤ በቪዲዮ ነው የምንገናኘው። መድኃኒትም ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ምንም ለውጥ ስላላየሁ ልተወው ነበር፤ «ትንሽ ይታገሡ» አለችኝ።

ባለፈው ወረቀቱን እንደገና ሞላሁ። ልጄ መኪና ውስጥ «ስንት አመጣህ?» አለችኝ።

«ስምንት።»

«ከስንት?»

«ከ27።»

«ኧረ አባዬ፣ ወድቀሃል!» ብላ ሳቀች።