ነርቭ ውስጥ የሚራመደው ፕሮቲን

ዛሬ አራት ኪሎ ግቢ የነበረን ሴሚናር ስለ ካይኔሲን ነበር፣ ከወጣሁ ቆየሁ ጭንቅላቴ ግን እዛው ነው። ካይኔሲን ማለት ሴላችን ውስጥ ማይክሮቱቡል የሚባል ሀዲድ ላይ በሁለት እግሩ እየተራመደ ጭነት የሚያመላልስ ፕሮቲን ነው፣ እርምጃው 8 ናኖሜትር ነው፣ ለእያንዳንዷ እርምጃ አንድ ኤቲፒ (የሴል ነዳጅ የሆነ ሞለኪውል) ይጠቀማል። እነ ሮናልድ ቬል በ1985 እ.ኤ.አ ስኩዊድ ከሚባለው የባህር እንስሳ ነርቭ ነው ያገኙት (ይሄ ስኩዊድ ኒውሮሳይንስ ላይ ያለው ውለታ!)።

ካይኔሲን ሲራመድ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲያሳዩን ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት የምታበራ ነጥብ (ካይኔሲኗ ናት) ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ትንሽ ቆም ትላለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች፣ ከዛ ድንገት ትጠፋለች፣ ከሀዲዱ ለቃ ማለት ነው። ሁላችንም ዝም አልን።

ወደ አምባሳደር እየወረድኩ በስልኬ ሳሰላው ከወገብ እስከ እግር ጣት ያለው ነርቭ 1 ሜትር ገደማ ቢሆን 125 ሚሊየን እርምጃ ነው፣ በሰከንድ 1 ማይክሮሜትር ቢሄድ እንኳን ከ11 ቀን በላይ ይፈጃል፣ በርግጥ አንዱ ብቻውን አይጨርሰውም ይቀባበላሉ። ኬአይኤፍ5ኤ የሚባለው የካይኔሲን ጂን ሲበላሽ ደግሞ የሰው እግር እየገተረ መራመድ ያቅተዋል፣ ረጃጅሞቹ ነርቮች ናቸው ቀድመው የሚጎዱት። ይሄ በጣም ነው የነካኝ።

ፊዚክስም ባዮሎጂም ያላችሁ ልጆች አብረን ማንበብ እንጀምር በናታችሁ፣ የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ።