ሁለቱን ቁልፎች ያለዋወጥኩ ዕለት

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ወደ ሥራ ቦታችን ስልክ ተደወለ። የደወሉት ከሁለት ቀን በፊት 250 የሠርግ ጥሪ ካርድ ከእኛ ወስደው ወደ መንዝ የተመለሱ አባት ነበሩ።

«ልጄ፣» አሉኝ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ካርዱን ዲያቆኑ ሲያነበው ጥር 21 ይላል አለኝ። እኛ የቆረጥነው ጥር 14 ነው። በ21 አስተርእዮ ማርያም ናት። ጠላው ለየትኛው ቀን ይጠንሰስ?»

የምሠራው ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንዲት ትንሽ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት ነው። በዚያ ዓመት ጾመ ነነዌ ጥር 29 ይገባ ስለ ነበር ከጥምቀት እስከዚያ ጾም ድረስ ለሠርግ የሚመቹት እሑዶች ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ጥር 14፣ ጥር 21 እና ጥር 28። የከተማው ደጋሽ ሁሉ በእነዚህ ሦስት ቀናት ላይ ተደራርቦ ነበር፤ እኛም በቀን የአራትና የአምስት ሠርግ ካርድ እናዘጋጅ ነበር።

የካርዱን ፋይል ከፈትኩት። «እሑድ ጥር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ 6፡00 ሰዓት» ይላል። የሙሽራው ወንድም በቴሌግራም የላከው ደግሞ «እሑድ ጥር 14 ቀን» ነው። የሁለቱ ቤተሰቦች ሽማግሌዎች ቀን እስኪቆርጡ ድረስ የካርዱ ሌላ ክፍል ሁሉ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ባዶ የቀረው ያ አንድ መስመር ብቻ ነበር። መስመሩን የሞሉት እትዬ ናቸው።

እትዬ የምላቸው የሥራ ባልደረባዬ ጽሕፈት የጀመሩት በታይፕራይተር ነው። የአማርኛ ታይፕ ፊደሉን ከነምልክቱ እየገጣጠመ በሚጽፍበት ዘመን ጣታቸውን አሠልጥነው፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ያንን ሁሉ ትተው እንደ ገና ከዜሮ የተማሩ ሴት ናቸው። በዚህ ቤት ከእኔ በፊት የነበሩም እርሳቸው ናቸው። መልእክቱንና ካርዱን ጎን ለጎን ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር።

«ዐይኔ ነው» አሉ። «እንግዲህ ዐይኔ ከድቶኛል ማለት ነው።»

ለቤቱ ባለቤትም ሄደው የካርዱ ወጪ ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ ነገሩት። እኔ ግን ያንን መስመር አውቀው ነበር። ጥር 21 ብዬ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ለሌላ ሰው ሠርግ፣ በዚያው ጠዋት፣ በዚያው ኮምፒውተር።

ወደ ደብረ ብርሃን ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ለሰባት ዓመት ገጽ ያቀናበርኩት አፕል በሚሠራው ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ነው። በማኪንቶሽ ኮፒ የሚደረገው ኮማንድ ከሚባለው ቁልፍ ጋር ሲ በመጫን ነው። ኮማንድ ደግሞ ከቃላት ማራራቂያው ረጅም ቁልፍ ጎን ስለሚገኝ አውራ ጣት ሳይለፋ ይደርስበታል። እዚህ ያለን ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው። በዊንዶውስ ይህን ሥራ የሚሠራው ኮንትሮል ሲሆን ቦታው ከታች ጥግ ላይ ነው፤ የሚጫነውም ትንሿ ጣት ናት። አውራ ጣቴ የለመደችው ቦታ ላይ ያለው ቁልፍ ኦልት ነው። ለወራት ኮፒ ላድርግ ስል ኦልትን እየተጫንኩ ተቸገርኩ። ሥራው በበዛበት በዚያ ሰሞን ትዕግሥቴ አለቀና አንድ ማለዳ፣ ማንም ሳይገባ፣ ግራውን ኮንትሮልና ግራውን ኦልት አለዋወጥኳቸው።

ያለዋወጥኩበት መንገድ ደግሞ የከፋው ነበር። ዊንዶውስ ውስጥ ሬጅስትሪ በሚባለው የቅንብር መዝገብ ላይ የቁልፎችን መለያ ቁጥር የሚያዛውር ቦታ አለ። እዚያ የተጻፈ ለውጥ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ላይ የተቀመጠ ሰው ማንም ይሁን ማን ይመለከተዋል። የእኔ ስምና የይለፍ ቃል፣ የእርሳቸው ስምና የይለፍ ቃል አይልም። የመረጥኩትም ለዚሁ ነበር፦ ከሥር ያለ ስለሆነ በየትኛውም ፕሮግራም ውስጥ አያስቸግርም ብዬ። በየትኛውም ሰው እጅ ላይ እንደሚወድቅ አላሰብኩም።

ለውጡ ከውጭ አይታይም። ቁልፎቹ ላይ የተጻፈው ስም እንደ ነበረ ነው። ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት ሦስቱ አንድ ላይ ሲጫኑ እንኳ ሁለቱ ቢለዋወጡም ድምሩ ያው ስለሆነ ምንም አይጎድልም። አውራ ጣቴ ቦታዋን ስላገኘች ደስ ብሎኝ አንድ ካርድ ጨረስኩ። የዚያ ካርድ ቀን ጥር 21 ነበር፤ መስመሩን ኮፒ አድርጌ ለጠፍኩና ወረቀት ልገዛ ወጣሁ።

እትዬ የመጡት እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። መንዜው አባት በርኖሳቸውን ደርበው ወንበር ላይ ይጠብቃሉ፤ ወደ መንዝ የሚሄደው የመሐል ሜዳ መኪና ሊሞላ ነው። እትዬ ቴሌግራሙን ከፍተው መስመሩን መረጡ፤ በግራ እጃቸው ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ኮንትሮልና ሲ ተጫኑ። ማሽኑ ግን የሰማው ኦልትና ሲ ነበር። ቴሌግራም ለዚያ የሚሰጠው መልስ የለም፤ ተሳሳትሽም አይልም፣ ድምፅም አያሰማም። ቀኝ እጃቸው ማውዙ ላይ ስለነበረ ካርዱ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ነክተው ከዝርዝሩ ፔስት የሚለውን መረጡ። የተለጠፈው ከእኔ የተረፈው መስመር ነው። ወንድምየው ቀኑን የጻፈው በላክንለት ናሙና መሠረት ስለነበር ሁለቱ መስመሮች ከአንድ ቁጥር በቀር ቃል በቃል አንድ ነበሩ። በጌጠኛ ፊደል፣ በትንሹ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ፣ 14ን ከ21 ያልለየ ዐይን አረጀ ሊባል አይገባውም።

እስካሁን የሚከብደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እትዬ በዚያ ጠዋት ደውለውልኝ ነበር። «ወንድሜ፣ ፊደሉ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ አልቀየር አለኝ» አሉኝ። ለመቀየር የሚጫኑት ኦልትንና ሺፍትን ነው፤ ኦልት ደግሞ ቦታው ላይ አልነበረም። ምክንያቱን እዚያው ወረቀት መደብሩ በር ላይ እንደ ቆምኩ አውቄዋለሁ። «ከታች በማውዝ ይቀይሩት እትዬ፣ ስመጣ አየዋለሁ» አልኩና ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ቁልፎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፤ እርሳቸውንም «አስተካክዬዋለሁ» አልኳቸው። የተበላሸው ማሽኑ ይመስል።

ያንን ቃል ባልናገር ኖሮ፣ ከዚያ ይልቅ «እኔ ነክቼው ነበር፣ ጠዋት የሠሩትን አንድ ጊዜ እንየው» ብል ኖሮ፣ ካርዶቹ በመንዝ መንገድ ላይ ያለውን ጣርማ በርን ሳያልፉ እንይዛቸው ነበር።

ስለዚህ ባለቤቱ ቢሮ ገብቼ እትዬ ባሉበት ሁሉንም ነገርኳቸው። በቃል ብቻ የሚታመን ስላልመሰለኝ ቁልፎቹን እንደ ገና አለዋውጬ እዚያው አሳየኋቸው፦ አንድ ቃል ኮፒ አደረግኩ፣ እትዬን ሌላ ቃል በለመዱት መንገድ ኮፒ አድርገው እንዲለጥፉ ጠየቅኳቸው፤ የወጣው የእኔ ቃል ሆነ። እትዬ እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አንስተው ጣቶቻቸውን ተመለከቱ። «እኔኮ ጣቴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩኝም። ባለቤቱ ወጪው ከእኔ እንዲሆን ወሰነ፤ ተገቢ ነበር።

ሌሊቱን አዲሱን 250 አትመን ቆረጥን። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ ውርጩ ሜዳውን አንጥቶት ሳለ፣ ካርዱን ይዤ መናኸሪያ ስደርስ እትዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቀድመውኝ ቆመዋል። መምጣት እንደማያስፈልጋቸው ብነግራቸው አልሰሙኝም። «ልክ ነው ብዬ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ይቅርታውንም እኔ ነኝ የምለው» አሉ።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ትተን ወደ መዘዞ ስንታጠፍ እትዬ ድንገት ጠየቁኝ፤ «ለመሆኑ የሁለቱን ኮምፒውተሮች ቁልፍ ያኔውኑ ለምን አንድ ዓይነት አላደረጉትም?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። ቆርጦ መለጠፍን ዛሬ በምናውቀው መልኩ የሠሩት ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት የተባሉ ሰዎች ናቸው፤ ጊዜው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ቦታው ካሊፎርኒያ ያለው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል። ከዚያ አፕል በ1983 ሊሳ በተባለው፣ በ1984 ደግሞ በማኪንቶሽ ኮምፒውተሩ ላይ ኤክስ፣ ሲ እና ቪን ለዚሁ ሥራ፣ ዜድን ደግሞ የተሠራውን ለመሻር መደባቸው፤ ከታች በአንድ ረድፍ ተጎራብተው ስላሉ ለአንድ እጅ ይመቻሉ። የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ኮንትሮል የሚባል ቁልፍ ጭራሹን አልነበረውም። ኮማንድ ላይ ያለውን አራት ቀለበት ያለውን ምልክት የመረጠችው ሱዛን ኬር የተባለች ሠዓሊ ናት፤ ስዊድን ውስጥ ሊጎበኝ የሚገባን ቦታ የሚያመለክት የመንገድ ምልክት ነው። ዊንዶውስ እነዚያኑ ፊደላት ሲወስድ ያገናኛቸው ከኮንትሮል ጋር ነው። ኮንትሮል ጽሑፍ በሽቦ ይላክበት ከነበረው ከቴሌታይፕ ዘመን የወረደ ቁልፍ ነው፤ ሥራውም ለማሽን ትእዛዝ መላክ ነበር።

እትዬ በጥሞና ሰሙኝና «ታዲያ ሁለቱን ብታለዋውጣቸው ሙሉ በሙሉ ያኛውን ይሆንልሃል?» አሉኝ።

አይሆንም። ይህን ጥያቄ ቁልፎቹን ከመንካቴ በፊት ራሴን ልጠይቀው የሚገባ ነበር። በማኪንቶሽ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚኬደው በኮማንድና በታብ ነው። ቁልፎቹ ሲለዋወጡ አውራ ጣቴ የምትጫነው ኮንትሮልና ታብ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ፕሮግራም አይቀይርም፣ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ካለ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ያዛውራል እንጂ። ኮማንድ ከግራ ቀስት ጋር ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይወስዳል፤ ኮንትሮል ከግራ ቀስት ጋር የሚወስደው አንድ ቃል ወደ ኋላ ነው። የቁልፉን ስም ማዛወር ቀላል ነው፤ ከስሙ ጋር የተሳሰረው ልማድ ግን በየፕሮግራሙ ተበትኖ የተቀመጠ ነው። ለእኔ ግማሽ ምቾት፣ ለእርሳቸው ሙሉ እንቅፋት ነበር የሠራሁት።

ሞላሌ ላይ ወርደን ቀድመው የታደሉትን ካርዶች ለቀየሩልን ዘመዶች አዲሱን ሰጠን። መሐል ሜዳ የደረስነው ከምሳ በኋላ ነው። አባትየው በራቸው ላይ ተቀበሉን፤ እትዬ ይቅርታ ሲጠይቁ ጎንበስ ስላሉ ሽማግሌው ክንዳቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸው። ከዚያ ዲያቆኑን አስጠርተው አንዱን ካርድ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረጉት። «እሑድ ጥር 14 ቀን» ሲል ጣታቸውን አንስተው አስቆሙት፤ «ድገመው» አሉት። ደገመው።

አሁን በሥራ ቤታችን ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዳችን የየራሳችን መግቢያ አለን። የሬጅስትሪውን ለውጥ ጨርሶ አጠፋሁት። አውራ ጣቴን አልተውኳትም፤ ግን ማይክሮሶፍት በነጻ የሚያቀርበውን፣ ቁልፎችን ማዛወር የሚችል ፓወርቶይስ የተባለ ፕሮግራም እጠቀማለሁ። እርሱ የሚሠራው በእኔ መግቢያ፣ ያውም ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ሳለ ብቻ ነው፤ እኔ ስወጣና እትዬ በራሳቸው ስም ሲገቡ ቁልፎቹ በየስማቸው ናቸው። ቁልፍ በሙሉ ከማለዋወጥ ይልቅ አንዱን ጥምረት ለይቶ ማዛወርም ስለሚችል ታብ የራሱን ሕግ አገኘ። በእኔ መግቢያ ሲገቡ ምን ምን እንደተቀየረ የሚናገር ወረቀት ከስክሪኑ ሥር ለጥፌያለሁ፤ ጽሑፉን ያረሙልኝ እትዬ ናቸው።

ሽማግሌው በዚያ ቀን ሲሸኙን ከአዲሶቹ ካርዶች ሁለት አንስተው ስማችንን ጠየቁና በዲያቆኑ እጅ አስጻፉባቸው። ጥር 14 ቀን ከቀኑ 6፡00 ሰዓት እትዬና እኔ መሐል ሜዳ ዳሱ ውስጥ ነበርን።