ከዋቱ በፊት ስፒከሩን ጠይቁ

ሐዋሳ የሚኖሩት አጎቴ ባለ 50 ዋት አምፕሊፋየራቸውን ሸጠው ባለ 100 ዋት ገዙ። ሳሎን ተቀምጠን የማህሙድ አህመድን ዘፈን እንደከፈትን ፊታቸው ቅር አለው፤ «መቶ ዋት ማለት ይሄ ነው እንዴ?» አሉኝ። መሣሪያው ግን ምንም አልጎደለውም። ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ጎልቶ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ያህል መጨመር አለበት፤ ይህ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል።

አስቀድሞ መታየት የነበረበት የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ይኸውም 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት የሚያወጣው ድምፅ ነው። ከስፒከሩ ጀርባ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ስፒከሩ የሚችለውን ኃይል እንጂ የሚያወጣውን ድምፅ አይናገርም። የአጎቴ ስፒከሮች 86 ዴሲቤል ናቸው፤ 89 ቢሆኑ ኖሮ በአሮጌው 50 ዋት የዛሬውን ያህል ድምፅ ያገኙ ነበር። ባለ 4 ኦም (ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም መለኪያ ነው) ስፒከር ስትገዙ ግን ቁጥሩ በ2.83 ቮልት የተለካ መሆኑን አጣሩ፤ በዚህ ቮልት 4 ኦም የሚወስደው 1 ሳይሆን 2 ዋት ስለሆነ፣ ከተጻፈው ላይ 3 ዴሲቤል መቀነስ ይገባል።

አጎቴ የሚቀመጡት ከስፒከሮቹ 3 ሜትር ያህል ርቀው ነው። ለዘወትር ማዳመጥ 1 ዋት ይበቃቸዋል፤ ነገር ግን ከበሮው ሲመታ ወይም ትራምፔቱ በድንገት ሲነፋ ድምፁ ከአማካዩ በ15 ዴሲቤል ሊዘል ይችላል፤ ያን ጊዜ 32 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። በ91 ዴሲቤል ስፒከር ያው ዝላይ 10 ዋት ብቻ ይጠይቃል። ይህ ትርፍ አቅም በእኔ እምነት የግድ ነው፤ አቅሙ ያለቀበት አምፕሊፋየር የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ሞገድም ትዊተሩን፣ ማለትም ቀጭን ድምፆችን የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር፣ ሊያቃጥል ይችላል። በተማሪነቴ ትንሽ አምፕሊፋየር እስከ መጨረሻው ከፍቼ አንድ ትዊተር አቃጥያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማሲንቆው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚጫወት ይመስል ነበር።

አጎቴን አዲሱን አምፕሊፋየር እንዳይመልሱት መከርኳቸው። ስፒከሮቹን ወደሚቀመጡበት ወንበር አንድ ሜትር ያህል አስጠጋንላቸው፤ ባዶው የሲሚንቶ ወለል ላይም ምንጣፍ አነጠፍን። ዘፈኑን እንደገና ስንከፍተው የድምፅ መቆጣጠሪያውን ዝቅ ያደረጉት ራሳቸው ነበሩ።