ገብረመድኅን ስንት ፊደል ነው?

የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ ባለበት ቀን እንኳ ቢሯችን እንደዚያ ሰሞን ጮኾ አያውቅም። ነገሩ የተነሣው ከአንዲት ቀላል ጥያቄ ነው፤ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላት ሲስተም አርጅቷል፣ እንደ አዲስ ሲሠራ በምን የኮምፒውተር ቋንቋ ይጻፍ? ሦስት ነበርን። እኔ ጎ አልኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ፓይተን አለች። አሮጌውን ሲስተም ከዓመታት በፊት በፒኤችፒ የጻፈው፣ በዕድሜም በልምድም የሚበልጠን ባልደረባችን ማኪያቶውን እያማሰለ «ምኑ ተበላሸና?» አለ።

ሁለት ሳምንት ተከራከርን። እኔ ስለ ፍጥነት፣ እሷ ኮዱ ለማንበብ ስለመቅለሉ፣ እሱ ደግሞ «ፌስቡክ በምን ተጀመረ? ዊኪፔዲያ በምን ነው የሚሠራው?» እያለ። ማንም ማንንም አላሳመነም። እንዲያውም በየቀኑ አዲስ የፍጥነት ንጽጽር ከኢንተርኔት ይዤ በመጣሁ ቁጥር ሁለቱ ይበልጥ ይከሩ ነበር።

አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። እኔ ስለ ሚሊሴኮንድ ስሟገት የማኅበሩ አባላት አራት ሺህ ገደማ ነበሩ። የምንልካቸውን አጭር መልእክቶች የሚቀበለው መስመር ደግሞ በሰከንድ ከተወሰነ ቁጥር በላይ አያሳልፍም። ፕሮግራሙ የቱንም ያህል ቢፈጥን በሩ ላይ መሰለፉ አይቀርም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ስድስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ጎ ስማር የቆየሁት ከውጭ አገር የርቀት ሥራ ለማግኘት ነበር፤ «በጎ ቋንቋ የሠራሁት ትልቅ ሲስተም አለ» ብዬ የምጽፍበት ነገር አስፈልጎኛል። ስከራከር የነበረው ለማኅበሩ ሳይሆን ለሲቪዬ ነው። ሌሎቹም የየራሳቸው ነገር ሳይኖራቸው አይቀርም፤ ግን የነሱን እነሱ ይናገሩ።

ፈተናውን ያቀረብኩትም እኔው ነኝ፣ አሸንፋለሁ ብዬ። ሦስታችንም በየቋንቋችን አንድ ትንሽ ነገር ሠርተን ዓርብ እናሳይ አልኩ። ሥራው ሁለት ነው፤ ለአባል የሚላከውን ማስታወቂያ በአንድ አጭር መልእክት ልክ ቆርጦ መላክ፣ እና አባልን በስሙ ፈልጎ ማግኘት። ውሂቡ የሙከራ ሳይሆን የማኅበሩ የራሱ ይሁን ተባባልን። ከሁሉም የጠቀመን ውሳኔ ይህ ነው።

መልእክቱን ለምን መቁረጥ እንዳስፈለገ ላስረዳ። አንድ አጭር መልእክት የሚሸከመው 140 ባይት ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚታሸግ 160 ይገባበታል፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ 16 ቢት ስለሚፈልግ 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል፤ ክፍሎቹ ስልኩ ላይ መልሰው የሚገጣጠሙበት ምልክትም ቦታ ስለሚይዝ በየክፍሉ 67 ፊደል ይቀራል። ሒሳብ የሚቆረጠው በየክፍሉ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ አንድ መልእክት ከ70 ፊደል እንዳያልፍ አጥብቆ ነግሮናል።

የኔው በግማሽ ቀን አለቀ። ኮዱ ሲያዩት ያምር ነበር። ዓርብ ከማሳየታችን በፊት በእውነተኛ ስልክ ልሞክረው ብዬ፣ የማኅበሩን ሒሳብ ሹም አስፈቅጄ ለዘጠኙ የቦርድ አባላት የስብሰባ ጥሪ ላክሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሒሳብ ሹሟ ደወሉ።

«ልጄ፣ ምንድነው የላክህላቸው? ሁሉም ለኔ እየደወሉ ነው።»

«ምን አሉ፣ እትዬ?»

«ከስንት ሰዓት ነው ይላሉ። ‘ከ’ ይልና ሳጥን ነው።»

የደረሳቸው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ውድ አባላችን፣ ነገ ቅዳሜ ጠቅላላ ጉባኤ ከ□»። ሰዓቱም የለም፣ ቦታውም የለም።

ምን እንደሆነ ለመረዳት ወረቀት ላይ በእጄ መቁጠር ነበረብኝ። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ጽሑፍን በባይት በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 ስልት ሲጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፤ ክፍት ቦታ 1። ከ«ውድ» እስከ «ከ» ድረስ 21 ፊደልና ምልክት አለ፣ 63 ባይት። ስድስት ክፍት ቦታ ሲጨመር 69። ሰባኛዋ ባይት «ከጧቱ» ከሚለው ቃል የ«ጧ» አንድ ሦስተኛ ናት። የጎ ርዝመት መለኪያ የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም፤ እኔ 70 ፊደል ቁረጥ ያልኩት መስሎኝ 70 ባይት ቁረጥ ብዬዋለሁ። «ሰላም» ለኔ ሦስት ነው፣ ለእሱ ዘጠኝ። በእንግሊዝኛ ስለማመድ አንዱ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ስድስት ወር ሙሉ አልታየኝም።

ይበልጥ ያናደደኝ ይህ የጎ ጉድለት አለመሆኑ ነው። ዩቲኤፍ-8ን እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርዚ ውስጥ እራት ሲበሉ ጠረጴዛ ላይ በተነጠፈ ወረቀት የነደፉት ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ከሆነው የጎ ቋንቋ ሦስት ፈጣሪዎች ሁለቱም እነሱው ናቸው። ፊደል በፊደል ለሚቆጥር ሰው «ሩን» የሚባል ነገር አዘጋጅተው፣ ቁልጭ አድርገው ጽፈው አስቀምጠዋል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት ጥብቅና የቆምኩለትን ቋንቋ አላውቀውም ነበር።

የፓይተኗ ልጅ ሳቀች፣ መብቷ ነው። የሷ በላፕቶፕ ላይ ያለ እንከን ሠራ፤ ፓይተን 3 «ሰላም»ን ሦስት ብሎ ይቆጥራል። የማኅበሩ ሰርቨር ላይ ስንጭነው ግን ዘጠኝ አለ። ለካ እዚያ ያለው እስከ 2020 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ድረስ ብቻ ድጋፍ የነበረው ፓይተን 2 ነው። አዲሱን መጫን ግማሽ ቀን ወሰደ፣ አለቀ።

ፍለጋው ላይ ሦስታችንም እኩል ሆንን። «ኃይሉ» ብለህ ስትፈልግ «ሀይሉ» ተብሎ የተመዘገበው አይመጣም፤ «ፀሐይ» ስትል «ጸሀይ» ትቀራለች። ይህን የሚያውቅ ቋንቋ የለም፣ አውሮፓም አሜሪካም የተሠራ ይሁን። እዚህ ላይ ልጅቷ አንድ ግሩም ነገር አገኘች። ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ፊደሎቻችን ቤት በቤት ስምንት ስምንት ሆነው ስለተደረደሩ፣ አንዱን ቤት ወደ ሌላው ለማዞር ረጅም ዝርዝር አያስፈልግም፤ መደመርና መቀነስ ይበቃል። ሐ ወደ ሀ ለመምጣት 16 ይቀነሳል፣ ኀ ደግሞ 128። ሠ ላይ 16 ሲደመር ሰ ይሆናል። ከዐ 48 ሲቀነስ አ፣ ከፀ 8 ሲቀነስ ጸ። በዚህ ላይ ሀና ሃ፣ አና ኣ አንድ ድምፅ ስለሆኑ ራብዑን ወደ ግዕዝ መመለስ ነው። አሥር መስመር አይሞላም፤ በየቋንቋችን ስንጽፈው ደግሞ ሦስቱ ኮዶች ወንድማማች ይመስሉ ነበር። የሁለት ሳምንቱ ጩኸት የበረደው እዚያ ስክሪን ፊት ይመስለኛል።

የፒኤችፒው ሰው መልእክቱን ትክክል ቆርጦታል። የፒኤችፒም ተራ መለኪያ እንደ ጎ ባይት ነው የሚቆጥረው፤ እሱ ግን «ኤምቢ» የሚባሉትን ፊደል ቆጣሪዎች በልምድ ያውቃቸዋል። ኩራቱን ሳይጨርስ ግን ልጅቷ ከአባላት ዝርዝር አንድ ነገር አየች።

«ገብረመድኅን የሚባል ሰው የለም እንዴ?»

ከአራት ሺህ ሰው አንድ እንኳ አልነበረም። «ገ/መድኅን» ግን ሞልቷል። «ኃ/ጊዮርጊስ» ሞልቷል፣ «ወ/ማርያም» ሞልቷል፣ ሙሉውን የተጻፈ ግን የለም። ሁላችንም በእዝባር አሳጥሮ መጻፍ የለመድነው ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም ነበር። አሮጌውን ኮድ ከፍተን አየነው። ስም ከ20 እንዳይበልጥ የሚል አንድ መስመር አለ፣ የሚቆጥረውም በባይት። ገብረመድኅን ሰባት ፊደል ነው፤ 21 ባይት። በአንዲት ባይት ምክንያት ሲስተሙ ለዓመታት ሲመልሰው ኖሯል። የመዝገብ ሠራተኞቹም አልጠሩንም፤ እዝባር አስገብተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ገ/መድኅን 16 ባይት ነው፣ በደንብ ይገባል።

ባልደረባችን ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ይህን የጻፍኩት ልጄ በተወለደ ሰሞን ነው፣ እንቅልፍ አልነበረኝም» አለ። ማንም አልሳቀም።

በመጨረሻ በፒኤችፒ እንዲቀጥል ድምፅ ከሰጡት አንዱ እኔ ነኝ። ምክንያቴ ውበት አይደለም። ማኅበሩ አንድ የራሱ የአይቲ ሠራተኛ አለው፣ እሱ የሚያውቀው በፒኤችፒ የተሠራውን ላራቬል የሚባል የፕሮግራም ማዕቀፍ ነው። እኛ ሥራውን አስረክበን ስንወጣ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩ አልነሣም ቢል የሚጠራው እሱ ነው። ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ጠይቀነው ቢሆን ሁለት ሳምንቱ ይተርፍልን ነበር። የጎ ቋንቋን አልተውኩም፤ ዛሬም የምበላው በእሱ ነው። ብቻ አሁን «የቱ ቋንቋ ይሻላል?» የሚል ክርክር ሲነሣ ንጽጽር ፍለጋ አልሄድም። «ገብረመድኅንን አስገባልኝ፣ ከዚያ ፈልገህ አምጣልኝ» እላለሁ።

አዲሱ ሲስተም ሥራ ሲጀምር በእዝባር ያጠሩትን ሁሉ ፈትተን ስሞቹን ሙሉ አደረግናቸው። እንደ ስጦታ ቆጥረነው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሒሳብ ሹሟ ደወሉ። አንድ አዛውንት አባል መስኮቱ ፊት ቆመው አልሄድም ብለዋል፤ ደብተራቸው ላይ ገ/መድኅን ይላል፣ መታወቂያቸውም ገ/መድኅን ይላል፣ ደረሰኙ ግን ሌላ ሰው ነው የሚለው።

«ስሜን ማን አረዘመው እያሉ ነው፣ ልጄ። ምን ልበላቸው?»

በዚያው ምሽት አንድ ዓምድ ጨመርን፤ ሙሉው ስም ለፍለጋ፣ በእዝባር ያጠረው ለደረሰኝ።