አምስት ደቂቃ በሚኒሞ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደብሮኝ ነው የዋልኩት። ምክንያት የለውም፣ ሐምሌ ነው በቃ። መብራት ሄደ መጣ፣ ያጠብኩት ልብስ ሶስተኛ ቀኑ ነው አልደርቅ አለ፣ ሰው ማናገር አላሰኘኝም። ማታ ላይ ትንሹ የድምፅ መልእክት ላከልኝ፣ አራት ደቂቃ ከምናምን። አራት ደቂቃ የሚያወራ ወንድም ደግሞ ብር ነው የሚፈልገው፣ ይታወቃል።

ኤንትሬዋ ላይ ቱርቦ ላስገጥም ነው ይላል። አዎ፣ የአባዬ አሮጌ ፊያት የጭነት መኪና፣ ኤንትሬዋ ላይ። ሶማሌ ተራ ከተፈታ ኢቬኮ የወጣ ቱርቦ ተገኝቷል፣ ኮምቦልቻ ያለው መካኒክ እገጥመዋለሁ ብሏል፣ ጭስ ማውጫው ላይ መቀመጫ በብየዳ ይሰራለታል፣ ዘይት የሚያመጣና የሚመልስ ቱቦ ይሳብለታል፣ አለቀ። «እታለም ሙት፣ ጠጠር ጭኜ የሐረጎን ዳገት እየዘፈንኩ ነው የምወጣልሽ።» እሱ ሲያወራው ሁሉም ነገር አለቀ ነው።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ፊያት 682 የሚባለው ዘር እኮ በ1952 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፣ የኛዋም ብትሆን ከኔ በእድሜ ትበልጣለች፣ ለአሮጊት አዲስ ሳንባ እንደመግዛት ነው። ከዛ ግን እንቅልፍም ስላልነበረኝ ሳነብ አመሸሁና ልጁ ያን ያህል አላበደም።

ነገሩ የአየር ነው። ደሴ ላይ ያለው አየር ከአሰቡ ጋር ሲተያይ ከአምስት እጅ አንዱ የለም። የናፍታ ፓምፑ ግን ይሄን አያውቅም፣ አሰብ ላይ የሚረጨውን ናፍታ ያህል ጣርማ በር ተራራ ላይም ይረጫል፣ አየር ያላገኘው ናፍታ በደንብ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ያ ልጅ ሆነን «ኤንትሬ ተናደደ» የምንለው ጭስ ለካ ንዴት አልነበረም፣ ትንፋሽ ማጠር ነው። ቱርቦ ደግሞ ያንኑ የሚጣለውን ጭስ ተቀብሎ በጉልበቱ አንድ ትንሽ መዘውር ያሽከረክርና በሌላው ጫፍ አየር እያመቀ ለሞተሩ ያጎርሰዋል። የሚጣል ነገር መልሶ ማብላት፣ እናቴ በተረፈ እንጀራ ከምትሰራው ፍርፍር አይለይም። አልፍሬድ ቡቺ የሚባል የስዊስ መሀንዲስ ነው በ1905 እ.ኤ.አ. ፓተንቱን ያወጣው። አሜሪካኖቹ ደግሞ በ1918 የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭነው ፓይክስ ፒክ የሚባል 4,300 ሜትር ተራራ ጫፍ አውጥተው ነው የሞከሩት፣ ከፍታ ላይ ያጣውን ጉልበት ይመልስለት እንደሆነ ለማየት። መልሶለታል። ሐረጎን የሚያውቅ ሰው ይሄን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው እናንተ ታውቃላችሁ።

መካኒኩም ቢሆን የዋዛ አይመስልም፣ ከግማሽ ባር በላይ የአየር ግፊት አላስገባም ብሏል፣ ከዛ ካለፈ የሞተሩ ክዳን ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑ ይበላል፣ ክዳኑ ራሱ፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ ፒስተኑም ሙቀቱን አይችለውም። እሺ። ግን እኔን እስካሁን ያላስተኛኝ መልእክቱ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። «አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቆኛል፣ ከዳገት ገብተህ ወዲያው እንዳታጠፋ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ ይስራ፣ ቱርቦው በጣም ስለሚግልና ስለሚሽከረከር ዘይቱ ድንገት ሲቋረጥበት እዛው አርሮ ይጣበቃል።»

አምስት ደቂቃ በሚኒሞ።

አባዬ እኮ ሁሌም እንደዛ ነበር የሚያደርገው። ከአሰብ ሲመጣ ኤንትሬዋን በራችን ላይ ያቆምና አያጠፋትም፣ ዱግ ዱግ ዱግ እያለች መስኮታችን ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆዎቹ ቡፌ ውስጥ እርስ በርስ ይጋጫሉ። እኛ ጫማ ሳናደርግ ሮጠን ወጥተን ከታች ቆመን እንጠብቃለን። አይወርድም። ረዳቱ ወርዶ ጎማ በብረት እየመታ ያዳምጣል፣ እማዬ ከሰል አያይዛለች፣ እሱ ከላይ ተቀምጧል፣ ከታች የሚታየን ክርኑ ብቻ ነው። ከዛ ትጠፋለች፣ ሰፈሩ ድንገት ጭጭ ይላል፣ በሩ ይከፈትና ማስቲካ እያኘከ ይወርዳል፣ ፊቱ እርጥብ፣ ለኛም አንድ አንድ ማስቲካ። «ለምን ቶሎ አትወርድም?» ስለው «ሞተሩ ይተንፍስ ብዬ ነዋ» ይለኝ ነበር፣ እኔም ስንት ዓመት አምኜ ኖርኩ።

ግን የኛ መኪና ቱርቦ የላትም! የሚያርር ነገር የለም! ትንሽ ቀዝቀዝ ይበል ቢባል እንኳን የመጨረሻው ሁለት ኪሎሜትር ሜዳ ነው፣ ቀዝቅዞ ነው የሚደርሰው። ታዲያ እዛ ላይ ምን ይሰራ ነበር?

እና አሰብኩ። ምናልባት ከአፋር በረሃ መጥቶ ወዲያው አባት መሆን ይከብደው ነበር። ስድስት ቀን ብቻውን ከመንገድ ጋር ሲያወራ የከረመ ሰው ነው፣ ታች የሚጠብቀው የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአጎቴ ጣጣ። ምናልባት ያለቅስ ነበር፣ ለዛ ነው ፊቱ እርጥብ የሚሆነው። ይሄን ስጽፍ የእውነት አለቀስኩ፣ ሁለት ሶፍት ጨርሻለሁ። እኔስ ራሴ ከስራ ስገባ ቪትዟን አቁሜ ስልክ እየነካካሁ ሩብ ሰዓት የምቀመጠው፣ ዘበኛው መስታወት እስኪያንኳኳ ድረስ፣ ከሱ ወርሼው ይሆን ምናምን እያልኩ ገጹን ሞላሁት። ከዛ አላስችል ብሎኝ በሶስት ሰዓት እማዬ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ አባዬ መኪና ሳያጠፋ ላይ ተቀምጦ ምን ይሰራ ነበር?»

«መቼ?»

«ከአሰብ ሲመጣ፣ በር ላይ።»

«ነፍሱን ይማረውና፣ ጫቱን ይተፋ ነበራ!» ሳቋ ጆሮዬን ሊበጥሰው። «ከጀሪካኑ ይጉመጠመጣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ማስቲካዋን ይጎርሳል፣ የማላውቅ መስሎት።»

«ሁልጊዜ?»

«ታዲያስ። ደሞ ለዛ ልጅ ብር እንዳትልኪ፣ ለኔም ደውሎልኛል።»

ሶፍቶቹን ሰብስቤ ጣልኩ። ለትንሹ እስካሁን አልመለስኩለትም፣ መስማቴን ደግሞ አይቷል።

ግን ጫት ተፍቶ ለመጉመጥመጥ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አንድ? ቢበዛ ሁለት?